ባዶ የተመለሰ ምሳ ዕቃ

ባለቤቴ ሆስፒታል በተኛ በስድስተኛው ቀን በሩ ተዘጋብን።

እስከዚያ ቀን ድረስ ጠዋት ገብቼ ማታ እወጣ ነበር። አንጀቱ ተጠማዞ፣ ሆዱ እንደ ከበሮ ተወጥሮ ነው በታክሲ የወሰድነው። የዚያኑ ዕለት ቀዶ ሕክምና ተደረገለት። ከዚያ በኋላ ከንፈሩን በጥጥ የማርሰው፣ ላቡን የምጠርገው፣ ሽንቱን የምደፋው እኔ ነበርኩ። በመንግሥት ሆስፒታል ዘመዱን ያስተኛ ሁሉ ያውቀዋል፤ ነርሶቹ መርፌ ይወጋሉ፣ ቁስል ያጥባሉ፤ ማጉረስ፣ ማገላበጥ፣ የጠፋ መድኃኒት ከውጭ ፈልጎ መግዛት ግን የአስታማሚ ሥራ ነው። አስታማሚ የሌለው በሽተኛ ለእግዜርና አጠገቡ ለተኛው ሰው የተተወ ነው።

የዚያን ዕለት ጠዋት አጥሚቴን በምሳ ዕቃ ይዤ ስደርስ የብረቱ በር ተቆልፏል፤ ላዩ ላይ ወረቀት ተለጥፏል። ፊደል የቆጠርኩት ልጆቼን ከወለድኩ በኋላ በመሠረተ ትምህርት ስለሆነ ቀስ ብዬ ነው የማነበው። ከኋላዬ የቆሙት ትዕግሥት አጥተው «ምን ይላል? ምን ይላል?» ይሉኛል። በወንዶች ቀዶ ሕክምና ክፍል ተቅማጥና ትውከት ስለታየ እስከ ተጨማሪ ማስታወቂያ ድረስ ጠያቂ መግባት ተከልክሏል ይላል። «እስከ ተጨማሪ ማስታወቂያ» የሚለው ላይ ስደርስ ደጋግሜ አነበብኩት። ቀን አልተጻፈበትም።

ያን ጊዜ ኢሕአዴግ ከገባ ስድስት ሰባት ዓመት ቢሆነው ነው። በኪስ የሚያዝ ስልክ በእኛ ሰፈር አልነበረም። ከአጥሩ ወዲያ ያለ ሰው ምን እንደሆነ ለማወቅ ወይ ገብቶ ማየት ነው፣ ወይ የወጣ ሰው መለመን ነው።

ባለቤቴ ልብስ ሰፊ ነው። አንዋር መስጊድ አጠገብ ካሉት የጨርቅ ሱቆች በአንዱ በረንዳ ላይ መኪናውን ዘርግቶ ዕድሜውን ሰፍቷል። እኔ ከእሱ ፊት ለፊት፣ ከመንገዱ ማዶ ቅመም እሸጣለሁ። ቀና ባልኩ ቁጥር ጀርባው ይታየኛል፤ በዓርብ ስግደት መንገዱ በሰው ሞልቶ እሱን ሲጋርድብኝ እንኳ የመኪናው ድምፅ ይሰማኛል። በዚያ ሳምንት መኪናው በሸራ ተሸፍኖ ተቀምጧል። የሸራው አወዳደቅ የተገነዘ ሰው ይመስል ስለነበር ወደዚያ ላለማየት፣ ከሆስፒታሉ ደጅ ስመለስ ፊቴን ወደ ግድግዳው አዙሬ መሸጥ ጀመርኩ። የሁለት ቀን ልማድ ነው፤ ግን ደንበኞቼ «ምነው እትዬ፣ ተቀየሙን?» ይሉኝ ነበር።

አዲሱ ደንብ እንዲህ ነበር። ምግብ በቀን አንድ ጊዜ፣ በስድስት ሰዓት ይገባል። ምሳ ዕቃው ላይ ፕላስተር ለጥፈን የአልጋ ቁጥር እንጽፋለን፤ አንዲት የጽዳት ሠራተኛ በጋሪ ሰብስባ ታስገባለች፤ በስምንት ሰዓት ባዶውን ታወጣለች። ባለቤቴ አልጋ ዘጠኝ ነው። ምሳ ዕቃዬን የምቋጥርበትን ጨርቅ እሱ ራሱ ከቁርጥራጭ የሰፋው ስለሆነ አረንጓዴም ቀይም ቢጫም አለበት፤ ቁጥር ባይጻፍበትም አይጠፋም።

ለሠላሳ በሽተኛ ደግሞ ስድስት የአስታማሚ ካርድ ተዘጋጀ። ካርድ የደረሰው ከጠዋት እስከ አሥራ ሁለት ሰዓት ከበሽተኛው ጋር ይውላል። ካርዱ ለማን እንደሚሰጥ ሁለት ቀን ቆሜ አየሁ። አንዱ የዘበኛው የአገር ልጅ ነው። አንዷ ከውስጥ የምትሠራ እህት አላት። አንዱ ደህና ኮት ለብሷል፤ ሌላ ምክንያት አላገኘሁለትም። ከገጠር የመጡት፣ ጋቢያቸውን ተከናንበው አጥሩ ሥር የተኮለኮሉት፣ ካርድ የሚባል ነገር መኖሩንም የሰሙ አይመስሉም።

ሐሙስ ዕለት ትዕግሥቴ አለቀ። ዘበኛው ካርዱን ሲያድል ፊቱ ሄጄ ቆምኩ። ካፖርቱ ከእሱ በሁለት ቁጥር የሚበልጥ፣ ከሲታ ሰው ነው።

«እማማ፣ ከበሩ ራቅ ይበሉ» አለኝ።

«እማማ የምትለኝ መቼ ወልጄህ ነው? ዕድሜህ ከእኔ ቢያንስ በአምስት ዓመት ነው። ይልቅ ይኼ ካርድ በምንድን ነው የሚታደለው?»

«በትእዛዝ።»

«ያዘዘውን ጥራልኝ።»

ሰው ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም። ስፈራ ድምፄ ይጎላል፤ ከልጅነቴ ጀምሮ እንዲህ ነኝ። ጩኸቱ ሲበዛ የክፍሉ ኃላፊ ነርስ ራሷ ወጣች። ዓይኗ እንቅልፍ በማጣት ቀልቷል። ነገሩን ሁሉ ነገርኳት። እስክጨርስ ሰምታኝ እንዲህ አለች፦

«ስድስት ካርድ አለኝ፤ ሠላሳ በሽተኛ አለኝ። እርስዎ ቢሆኑ ለማን ይሰጡ ነበር?»

መልስ ትጠብቃለች ብዬ አላሰብኩም ነበር። ግን አፌ ቀደመኝ።

«ምግቡ ሳይነካ ለሚመለስበት። የሚበላ ሰው አንድ ቀን ያለ አስታማሚ ይውላል። የማይበላው የሚያጎርሰው ይፈልጋል። ምሳ ዕቃው እዚህ፣ ሁላችን ፊት ይከፈት፤ ሙሉ የተመለሰበት በማግስቱ ካርዱን ይውሰድ። የአገር ልጅ የለ፣ እህት የለ።»

ጋቢ የለበሱት ሰዎች አንገታቸውን ነቀነቁ። ነርሷም ትንሽ አሰበችና «ይሁን፤ ከዛሬ ይጀመር» አለች። ዘበኛው ከዚያን ቀን ጀምሮ «እትዬ ዳኛ» ይለኝ ጀመር። ስድብ ነበር፤ እኔ ግን ውስጤ ደስ ብሎት ነበር፤ አልዋሽም።

በስምንት ሰዓት ጋሪው ወጣ። ዘበኛው ረጅሙ አግዳሚ ወንበር ላይ ምሳ ዕቃዎቹን ደርድሮ አንድ በአንድ ከፈተ። ግማሽ ያለበት አለ፤ ጨርሶ ያልተነካ አለ። የእኔን ሲከፍት ግን ታጥቦ የወጣ ይመስላል። አንዲት ጠብታ የለበትም።

«የእርስዎማ ሰው ጎበዝ ነው!» አሉኝ አንድ ሽማግሌ። «እግዜር ምሯቸዋል።»

እኔም እንደዚያ ብዬ ወደ ቤቴ ሄድኩ። በመንገድ ላይ ግን አንድ ነገር ውስጤን ይበላኝ ነበር። ባለቤቴ ከተጋባን ጀምሮ ሳህን ጠርጎ በልቶ አያውቅም። በልጅነቱ ከትልቅ ሰው የተረፈውን ሲጠብቅ ስላደገ፣ ቢርበውም ባይርበውም ከሥሩ ጥቂት ትቶ ነው የሚነሳው። ልጆቻችን ያችን ትርፍ እየተሻሙ ነው ያደጉት። ታዲያ ዛሬ ምን አግኝቶት ጠረገው? ሕመም ሰውን ይለውጣል፣ አልኩ። የእኔን እጅ ናፍቆ ይሆናል፣ አልኩ። ፈርቶ ያደረ ሰው ደስ የሚለውን መልስ አይመረምርም።

ዓርብም ባዶ መጣ። ቅዳሜም ባዶ መጣ። ቅዳሜ ዕለት ግን ሌላ ነገር ተፈጠረ። አባቷ አልጋ አሥራ አንድ የተኛ አንዲት ወጣት ሴት አለች። የእሷ ምሳ ዕቃ ሲከፈት ከግማሽ በላይ ተርፏል። ዘበኛው እንዳልተነካ ቆጥሮ ካርድ ሊጽፍላት ሲል ዕቃውን አንስቼ አየሁት። ትልቅነቱ የድግስ ነው፤ ክዳኑ አልገጥም ብሎ በገመድ ታስሯል። ምግቡ ተበልቷል፤ ግን ያን ሁሉ ማንም ሊጨርሰው አይችልም። ካርድ ለማግኘት ሆን ብላ ያደረገችው ነው።

«ይኼ ለአንድ በሽተኛ ነው ወይስ ለለቅሶ ቤት?» አልኳት።

ቃሉ ከአፌ እንደወጣ ተጸጸትኩ። አባቱ ለታመመበት ሰው ለቅሶ ቤት አይባልም። ልጅቱ ዕቃዋን ከእጄ ወሰደችና እንባዋን በነጠላዋ ጠረገች።

«አፍዎ ይቆረጥ አልልም» አለች፤ «የእናቴ እኩያ ነዎት።»

ካርዱን ተከለከለች። ደንቡን ጠብቄያለሁ፤ ግን ያን ቀን ምሳ አልበላሁም። በማግስቱ እሁድ፣ የእሷ ዕቃ ትንሽ ሆኖ ገብቶ ጨርሶ ሳይነካ ወጣ። አባቷ እውነትም መብላት አቁሞ ነበር። የሰኞን ካርድ ያለ ክርክር ወሰደች፤ እኔን ግን ቀና ብላ አላየችኝም። የእኔው ባዶ ነበር።

ሰኞ ምግቡ ከገባ በኋላ እንደ ልማዴ አጥሩ ሥር ተቀመጥኩ። ብዙም ሳይቆይ በሩ ተከፈተና አንድ ሰው ወጣ። በእጁ ፌስታል አንጠልጥሏል፤ ሸሚዙ ትከሻው ላይ ተሰቅሎ የቀረ ይመስላል፤ አካሄዱ የቀዶ ሕክምና ሰው ነው፣ ጎበጥ ብሎ ሆዱን ይዞ። የመርካቶ ጫኝና አውራጅ መሆኑን ከእጁ ለየሁት። ዙሪያውን እያየ ቆየና ወደ እኔ መጣ። ትኩር ብሎ የሚያየው ጭኔ ላይ ያጣጠፍኩትን ትርፍ ጨርቅ ነው፤ ባለቤቴ ሁለት ነበር የሰፋልኝ።

«እናቴ፣ የአልጋ ዘጠኙ ጋሼ ባለቤት እርስዎ ነዎት?»

«ነኝ። ምን ሆነ?»

«ምንም፣ ምንም።» ጎንበስ ብሎ ጉልበቴን ሳመ። «ላመሰግንዎት ነው። እኔ ዘመድ የለኝም፤ ከደቡብ ነው የመጣሁት። ጎኔ የተኙት ጋሼ ባይኖሩ በረሃብ ነበር የምሞተው። አጥሚትዎ፣ ያ ለስላሳ ፍርፍር፣ ነፍሴን መልሶልኛል። እግዚአብሔር ይስጥልኝ።»

«አካፈለህ?»

«ሰጡኝ እንጂ። ሁሉንም።»

«እሱስ ምን በላ?»

ያን ጊዜ ነው ፊቱ የተለወጠው። ጥፋት የሠራ መሰለው።

«እሳቸውማ ‹ጠግቤያለሁ› ነው የሚሉት። ‹ከሥሩ እንዳታስቀር፣ ጥርግ አድርገህ ብላ› ይሉኛል። ‹ለባለቤቴም እንዳትነግራት› ብለውኝ ነበር…» አቀረቀረ። «ነገርኩ መሰለኝ።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከሐሙስ።»

ሐሙስ፣ ዓርብ፣ ቅዳሜ፣ እሁድ። በጣቴ ቆጠርኩና እጄን ጨበጥኩት። ምን ብዬ እንዳሰናበትኩት አላስታውስም። ሰውየውን አልጠላሁትም፤ ጥፋቱ የእሱ አይደለም። ቀድሞ የመጣልኝ አንድ ሐሳብ ብቻ ነው፤ ዛሬ የሚበላለት ሰው የለም።

በስምንት ሰዓት ጋሪው ሲወጣ ሮጬ የመጀመሪያዋ ሆንኩ። ምሳ ዕቃዬን ሳነሳው ከበደኝ። ክዳኑን ከፈትኩት። አጥሚቱ እንደቀዳሁት ነው፤ ላዩ ላይ ቆዳ ሠርቷል።

ለሌላው ሰው ደስ የሚያሰኝ ነገር ነበር፤ ካርድ ነውና። ለዘበኛው አሳየሁት።

«ጥሩ» አለ። «የነገ ካርድ ይደርስዎታል።»

«ነገ አይሆንም። አሁን ነው የምገባው። አራት ቀን አልበላም።»

«አራት ቀን ባዶ ነበር እኮ፤ እኔ ራሴ ነኝ የከፈትኩት።»

«ሌላ ሰው ነው ይበላ የነበረው።»

«እትዬ ዳኛ» አለ፤ በዚህ ጊዜ አልተሳለቀም፣ እንዲያውም አዘነልኝ መሰለኝ። «የዛሬዎቹ ስድስቱም ውስጥ ናቸው። ሙሉ የተመለሰበት በማግስቱ ይገባል፤ ሕጉን ያወጡት እርስዎ ነዎት። ለእርስዎ ብከፍት እነዚህን ምን እላቸዋለሁ?»

ዞር ብዬ አየሁ። ሃያ የሚሆን ሰው ቆሟል። ሁሉም የሚፈራለት ሰው ከአጥሩ ወዲያ አለው። ዘበኛውን ገፍቼ መግባት እችል ነበር፤ ከሲታ ነው። ግን እኔ ከገፋሁ ነገ የሚገፋው ደህና ኮት የለበሰው ነው፤ ጋቢ የለበሱት አይደሉም። ይህን ማሰብ የሚችለው ጭንቅላቴ ነው፤ እጄ ግን በሩን ይዞ አልለቅ ብሎ ነበር። ነገ የሚለው ቃል እንደዚያ ቀን አስፈርቶኝ አያውቅም። አራት ቀን ያልበላ ሰው ነገ ምን ይሆናል? ሰው ሁሉ ያየኛል።

በሩ ከውስጥ ተከፈተና ያቺ ልጅ ወጣች። በእጇ የመድኃኒት ማዘዣ ይዛለች። ሁኔታዬን አይታ ቆመች፤ ከዚያ በእጄ የያዝኩትን ክፍት ምሳ ዕቃ አየች።

«የለቅሶ ቤቱ ምግብ ነው?» አለችኝ።

የሥራዬን ነው ያገኘሁት። ዘበኛው ነገሩን በሁለት ቃል ነገራት። ልጅቱ ወረቀቷን አየች፣ በሩን አየች።

«ይኼ መድኃኒት እዚህ የለም» አለች። «አብነት ሰፈር ድረስ ሄጄ መፈለግ አለብኝ። እስከ አሥር ሰዓት እቆያለሁ።» ካርዷን ከአንገቷ አወለቀች። «አባቴን የሚያጎርስልኝ የለም።»

«ካርዱ የአልጋ አሥራ አንድ ነው» አለ ዘበኛው። «የገባ ሰው ለአልጋ አሥራ አንድ ነው የሚገባው።»

«መጀመሪያ አባትሽን» አልኳት። «ቃሌ ነው።»

ካርዱን ስታስይዘኝ እጇ ቀዝቃዛ ነበር። የእኔም እንደዚያው ሳይሆን አይቀርም።

ክፍሉ የበረኪና ሽታ ነበረው። አልጋ ዘጠኝ ስደርስ መጀመሪያ ሌላ ሰው አስተኝተውበታል ብዬ ደነገጥኩ። ጉንጩ ጎድጉዷል፤ አፍንጫው ብቻውን ቀርቷል። ዓይኑ ግን የእሱ ነው። አየኝና ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ፤ ለመስማት ጎንበስ አልኩ።

«ማንን ደብድበሽ ገባሽ?»

«ቆይ፣ ላንተ መልስ አለኝ» አልኩትና ወደ አልጋ አሥራ አንድ ሄድኩ።

የልጅቱ አባት ጥርስ የላቸውም፤ እያንዳንዷን ማንኪያ አፋቸው ውስጥ ያንከባልሏታል። ሾርባው ግማሽ እስኪደርስ ግማሽ ሰዓት ፈጀ። በዚያ ግማሽ ሰዓት ውስጥ የሁለት አልጋ ርቀት ላይ ሆኜ የባሌን ደረት ሲወጣና ሲወርድ እጠብቅ ነበር። አንዴ የቆመ መሰለኝና ማንኪያው ከእጄ ወደቀ። ሽማግሌው «አይዞሽ ልጄ» አሉኝ። እሳቸው ለእኔ።

ከጨረስኩ በኋላ አጠገቡ ተቀመጥኩ።

«ለምንድን ነው?» አልኩት።

«ስውጥ ሆዴን ይቆርጠኛል።»

«ለምን አልተናገርክም?»

«ሙሉ ዕቃ ቢወጣልሽ በሩን ትነቅዪዋለሽ ብዬ።» ትንፋሽ ወሰደ። «ዘበኛው ልጆች ይኖሩታል።»

ልስቅ ፈለግሁ፤ አልመጣልኝም። ከአጥሩ ውጪ ምን ሕግ እንዳወጣሁ እሱ አያውቅም። እኔ እንዳልፈራ ብሎ ዕቃውን ባዶ ይልክልኛል፤ እኔ ሰው እንዳይበደል ብዬ ባዶ የተላከለት እንዳይገባ ከልክያለሁ።

ኃላፊዋን ነርስ ጠራኋት። ከአልጋው ግርጌ የተንጠለጠለውን ሰሌዳ አንስታ በጣቷ እየተከተለች አነበበች። «ሐሙስ፣ ይበላል። ዓርብ፣ ይበላል። ቅዳሜ፣ ይበላል…»

«ማን አየው ሲበላ?»

ሰሌዳውን መልሳ ሰቀለችና «ምሳ ዕቃዎቹ ሲወጡ እያየን ነው የምንጽፈው» አለች። «አንድ ነርስ ነው ያለው ለሠላሳ ሰው። የእርስዎ ሐሳብ ሥራ አቅልሎልን ነበር።»

ሐኪም እንድትጠራልኝ ነገርኳት።

ሐኪሙ ልጅ እግር ነው። ሆዱን በሁለት እጁ ተጫነው፣ አዳመጠው፣ እንደገና ተጫነው። ከዚያ እንዲህ አለኝ፦ ሁለት ነገር ሊሆን ይችላል። ወይ አንጀቱ ሰንፎ ነው፣ ቀስ ብሎ ይነሳል፤ ወይ የተሰፋው ቦታ ችግር አለው፣ እንደገና መከፈት አለበት። እንደገና መከፈት ለደከመ ሰው ከባድ ነው። «በክንዱ የተሰካው ግሉኮስ ይቀጥላል። በየሩብ ሰዓቱ አንድ ማንኪያ የስኳር ውኃ ይሰጠው» አለ። «ካስመለሰው ወይም ሆዱ ከተነፋ ቶሎ ጥሩኝ። እስከ አሥራ ሁለት ሰዓት ከቆየለት ቢላዋውን እንተወዋለን። ግን ከአጠገቡ ሰው እንዳይጠፋ።»

የመጀመሪያውን ማንኪያ እኔ ሰጠሁት። ጉሮሮው ላይ ጣቴን አድርጌ ስትወርድ ተሰማችኝ። ፊቱን አጨማደደ፤ ግን ቆየ። ሁለተኛዋ ስትወርድ እጄን ጨበጠው። ሦስተኛውን ሳዘጋጅ ልጅቱ በር ላይ ቆማለች፣ መድኃኒቱን ይዛ፣ እያለከለከች። አሥር ሰዓት ሆኗል።

ነርሷን አየኋት። እሷም እኔን አየች። አንድ አልጋ አንድ ካርድ ነው፤ ካርዱ የልጅቱ ነው። «ልቆይ» ብላት ትፈቅድልኝ ይሆናል፤ ከአፌ ሊወጣ ደርሶ ነበር። ግን በክፍሉ ውስጥ አስታማሚ የሌላቸው ሃያ አራት ሰዎች ከትራሳቸው ቀና ብለው ያዩኛል።

ካርዱን አውልቄ ለልጅቱ መለስኩላት። ማንኪያውንም ሰጠኋት።

«በየሩብ ሰዓቱ አንድ» አልኳት። «ጉሮሮው ላይ ጣትሽን አድርጊ፣ ስትወርድ ትሰማሻለች። ካስመለሰው ሩጪ።»

«አውቃለሁ» አለች። «አባቴንም እኮ እንደዚያ ነው የማደርጋቸው።»

ስለ አባትሽ አንድ ቀን እንኳ አልጠየቅኩሽም፣ ልጄ ብትሆኚ እንዲህ ባልሰደብኩሽ፣ ብዙ ነገር አፌ ድረስ መጣ። ወደ በሩ ሄድኩ። ባለቤቴ ስወጣ ዓይኑን ጨፍኖ ነበር።

ከአሥር እስከ አሥራ ሁለት ሰዓት አጥሩን ይዤ ቆምኩ። መቀመጥ አልቻልኩም። በሩ በተከፈተ ቁጥር ሰው እየሮጠ የሚመጣ ይመስለኛል። አንዴ ነጭ የለበሰ ሰው በመተላለፊያው ሲሮጥ አየሁና አልጋ ዘጠኝ ነው ብዬ ጮህኩ፤ ዘበኛው መጥቶ «ወደ ሌላ ክፍል ነው የሄደው፣ እትዬ» አለኝ፤ ዳኛ የሚለውን ትቶታል። ካፖርቱን አውልቆ ሊያለብሰኝ ሞከረ። አልፈለግሁም። ስለት ተሳልኩ፤ ለአማኑኤልም፣ ለማውቀው ታቦት ሁሉ።

አሥራ ሁለት ሲሆን አስታማሚዎቹ መውጣት ጀመሩ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት፣ አምስት። እሷ የለችም። ዘበኛው በሩን ሊዘጋ ሲል ስድስተኛዋ ሆና ወጣች። ፊቷ ላይ ምንም ማንበብ አልቻልኩም።

«ደህና ናቸው» አለችኝ።

አላመንኳትም። በእኛ ዘንድ ሰው ሲሞት ለባለቤቱ እዚያው አይነገረውም። «ደህና ነው፣ ትንሽ ደከም ብሎት ነው» ይባልና፣ ወደ ቤቱ ይሸኛል፤ ሲነጋ ዘመድ ተሰብስቦ ያረዳዋል። እኔ ራሴ ለስንት ሴት «ደህና ነው» ብዬ እጇን ይዤ ሸኝቻለሁ። የነጠላዋን ጫፍ ያዝኩ።

«ደህና ናቸው አትበይኝ። ስንት ማንኪያ?»

«ስምንት።»

«አስመለሰው?»

«አምስተኛዋ ላይ ተናነቃቸው፤ ሳህን አቀረብኩላቸው፤ ምንም አልወጣም። ሐኪሙ መጥቶ ሆዳቸውን ነካክቶ ‹ለስልሷል› ብሎ ሄደ።»

ይህንም ፈጥራው ይሆናል። ደግ ሰው ይህን ያህል መዋሸት ይችላል። ነጠላዋን አልለቀቅኩም።

«ምን አለሽ? እሱ ራሱ ምን አለ?»

ልጅቱ ዓይኗን መሬት ላይ ተከለች። «ልናገረው አልፈልግም።»

«ተናገሪ።»

«‹ያንቺ እጅ ይሻለኛል› አሉኝ። ‹የእኔዋ ብትሆን እያጎረሰች ትከሰኝ ነበር።›»

ይህን ማንም ፈጥሮ ሊያወራው አይችልም። ያን ጊዜ አመንኳት፤ ነጠላዋን ለቀቅኩና አጥሩ ሥር መሬት ላይ ተቀመጥኩ።